ሽጉጡም ከሸፈ፣ ጠባቂውም ከሸፈ!

«የኪስ ሽጉጥ ያለው ሰው እንቅልፉን ይተኛል» የሚሉ ሰዎች በዝተዋል። በግሮሰሪው፣ በመናኸሪያው፣ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር ወሬው ይኸው ነው። አንዱ ስለ ማካሮቭ ያወራል፣ ሌላው ስለ ቱርክ። ድሮ ስለ አርሰናልና ስለ ማንቸስተር ሲከራከር የምናውቀው ጎረምሳ ዛሬ ስለ ካዝናና ስለ አፈሙዝ ይከራከራል። «ይቺ እኮ ሱሪ ኪስ ውስጥ ትገባለች!» ይላል መዳፉን ዘርግቶ እየለካ። አዳማጩም ራሱን ይነቀንቃል፤ ሳያስበውም እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል፤ ገንዘቡን እየቆጠረ ነው።

እኔ ደግሞ ውሸት ነው እላለሁ። በከተሞቻችን ጓዳ ለጓዳ የሚሸጠው የኪስ ሽጉጥ ገንዘቡን የማያወጣ፣ ሲፈለግ የሚከሽፍ፣ ሳይፈለግ ደግሞ የሚባርቅ ዕቃ ነው። ገዢው ይህን ዕቃ የሚሸከመው ጅል ስለሆነ አይደለም። ሊጠብቀው ግብሩን የሚበላው አካል ስለከዳው ነው። እነዚህን ሁለት ክሽፈቶች ለያይቶ የሚያወራ ሰው ግማሹን ነው የሚያወራው።

ለዚህ ጽሑፍ ስል ሽጉጥ ያላቸውን ሰዎች ሳነጋግር ከርሜያለሁ። ፈቃድ ያላቸውም የሌላቸውም አሉበት። ስማቸውን አልጽፍም፣ ሰፈራቸውንም አልጠቁምም፤ ጋዜጣ አንብቦ በር የሚያንኳኳ እንዳለ አውቃለሁና። ሁሉንም የጠየቅኋቸው ሁለት ነገር ነው። ተኩሰህበት ታውቃለህ? ገንዘቡን ያወጣል?

ለመጀመሪያው ጥያቄ ካገኘሁት መልስ የሚበዛው ዝምታ ነበር። አስቡት እስኪ! ስልክ ሲገዛ ካሜራውን፣ ድምፁን፣ ባትሪውን አገላብጦ ሳይፈትሽ ብር የማያወጣ ሰው፣ ሽጉጥ ሲገዛ ግን በጨለማ፣ መኪና ውስጥ ተቀምጦ፣ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ይቀበላል። «ትሠራለች?» ይላል። ሻጩም «በእናቴ!» ይላል። ዋስትናው የሻጩ እናት ናት ማለት ነው። የት ተኩሶ ይሞክረው? ቢሞክር ሰፈሩ ይሰማል፣ ፖሊስ ይመጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙከራ የሚሆነው ወንበዴው ፊት ለፊት ሲቆም ነው።

ከማካሮቭ እንጀምር፤ ለከተማ ሰው ሽጉጥ ማለት ማካሮቭ ነውና። ኒኮላይ ማካሮቭ የተባለው የሶቪየት መሐንዲስ የሠራው ይህ ሽጉጥ በሶቪየት ጦር የተመረጠው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ስምንት ጥይት ይይዛል፣ ርዝመቱ 16 ሳንቲ ሜትር ግድም ነው፣ ባዶውን 730 ግራም ይመዝናል። በእውነቱ ከሆነ የኮት ኪስ እንጂ የሱሪ ኪስ ዕቃ አይደለም፤ ሱሪን ወደ ታች ይጎትታል፣ ባለቤቱንም ያስነቃበታል። አሠራሩ ግን ቀላል ነው። አፈሙዙ ከአካሉ ጋር የተጣበቀ ነው፣ የሚፈታታው ክፍል ጥቂት ነው፣ ጭቃና አቧራ ይችላል። ምሥራቅ ጀርመን ሠርታዋለች፣ ቡልጋሪያ ሠርታዋለች፣ ቻይና ሠርታዋለች። ብረቱን ማማት አይቻልም።

ችግሩ ብረቱ አይደለም። ከሞስኮ ጋር ወዳጅነት የጠበቀው ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ ማካሮቩም ከዚያ በኋላ በገፍ ገባ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ደግሞ መሣሪያ በየመንገዱ ለዳቦና ለትራንስፖርት ተሸጠ። እናስላ። ያኔ ከወታደር ወገብ የወረደው ሽጉጥ ቢያንስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ማለት ነው። የካዝናው ሞላ በዚያ ሁሉ ዓመት ተጨቁኖ ኖሯል። ሽጉጡ ዘይት እየተቀባ ቢኖር እንኳ፣ አብሮት የመጣው ጥይት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በአፈር ውስጥ፣ በጤፍ ጎተራ፣ በእርጥብ ግድግዳ ስንጥቅ ተቀብሮ ነው የከረመው። ጥይት እንደ ወይን ጠጅ አይደለም፣ ሲቆይ አይጥምም። እርጥበትና ሙቀት ባሩዱን ይገድለዋል፣ ቂጡ ላይ ያለችውን መለኮሻም ያበላሻታል።

የቀድሞ ሠራዊት ባልደረባ የነበሩ አንድ ጋሼ ፈቃዳቸውን አሳይተውኝ ስለ ማካሮቫቸው ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራ ነበር።

«ልጄ፣ ይቺ ብረት እኔን ትቀብራለች» አሉኝ።

«ጥይቱስ ጋሼ?»

ሳቁ። ከከተማ ወጣ ያለ ቦታ ይኖሩ በነበረ ጊዜ ጅብ አጥር ጥሶ ገብቶባቸው ተኩሰው ነበር። ካዝናው ውስጥ ከነበረው ስምንት ጥይት አራቱ ጮኹ። ሁለቱ ከሸፉ። የቀረውን ሁለት ፈርተው አልሞከሩትም።

«ጅቡስ ምን ሆነ?»

«ጅቡማ እንደ መንግሥት ነው፤ ደስ ሲለው ሄደ።»

ከስምንት አራት! አንባቢ ሆይ፣ ይህ ውጤት የተገኘው መሣሪያ በሚያውቅ፣ ዘይት በሚቀባ፣ በሙያው ወታደር በነበረ ሰው እጅ ነው። እኔና አንተ ብንይዘው ምን ሊሆን ነው?

የጥይቱ ነገር በዚህ አያበቃም። የማካሮቭ ጥይትም «ዘጠኝ ሚሊ» ይባላል፣ የቱርኩም «ዘጠኝ ሚሊ» ይባላል። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። የማካሮቩ ቀለህ ርዝመቱ 18 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሌላው 19 ነው፤ የማካሮቩ እርሳስ ደግሞ በጥቂቱ ወፈር ይላል። አንዱ በሌላው ቤት አይገባም። ሻጩ ግን ይህን ቢያውቅም አይናገር፣ ባያውቅም አይጨንቀው። ጥይት በፍሬ ነው የሚሸጠው፣ እንደ ሎሚ። አንድ የመርካቶ ነጋዴ «ሃያ ፍሬ ገዛሁ፣ አሥራ አንዱ ለኔ ሽጉጥ አይሆንም ተባልኩ» ብሎኛል። ወስዶ ይመልሰው? ለማን? በየትኛው ደረሰኝ?

ስለ ስታር ብዙ አልልም። የስፔን ሥራ ነው፣ በጊዜው ጥሩ ዕቃ ነበር፣ ፋብሪካው ግን እ.ኤ.አ. በ1997 ተዘግቷል። መለዋወጫ የሚሠራለት የለም። አንድ ነገር ከተሰበረበት ብየዳ ቤት ነው የሚሄደው፤ የተበየደ ሽጉጥ ፊቱ ላይ አስጠግቶ የሚተኩስ ሰው ደግሞ ዕድሜው ቢያጥር አይገርምም።

አሁን ወደ ዋናው ገበያ፣ ወደ «ቱርክ» እንምጣ። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ቱርክ ሠራሽ ሽጉጦች በነዳጅ ቦቴ ሳይቀር ተደብቀው ሲገቡ መያዛቸውን መንግሥት ራሱ ደጋግሞ ነግሮናል። የተያዘው ይህን ያህል ከሆነ ያለፈው ምን ያህል ይሆን? ብለን ነበር፤ መልሱን ዛሬ በየሰው ወገብ ላይ እያየነው ነው።

እዚህ ላይ ለቱርኮች ፍትሕ ልስጥ። ቱርክ ደህና ሽጉጥ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሏት። ካኒክና ሳርሲልማዝ የአሜሪካንን ገበያ ገብተው በግልጽ ይሸጣሉ። ችግሩ ኬላ ሾልኮ የሚመጣው ሁሉ የዚያ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ የተሠራ፣ እርሳስ የማይተኩስ ሽጉጥም አለ። ፋብሪካው ራሱ አፈሙዙን ደፍኖ ነው የሚያወጣው፣ አካሉም ከብረት ይልቅ ለስለስ ካለ ቅይጥ ማዕድን የሚፈስ ነው። ይህ ዕቃ በሕገ ወጥ ሰዎች እጅ ይገባና አፈሙዙ ተቀይሮ «እውነተኛ ሽጉጥ» ሆኖ ይሸጣል። በሊቢያ፣ በሶማሊያ፣ በአውሮፓ አገሮችም የመሣሪያ ዝውውር የሚከታተሉ ተቋማት ደጋግመው መዝግበውታል። ፋብሪካው ለጩኸት ያወጣውን ዕቃ የጓዳ ሠራተኛ ለነፍስ ማጥፊያ አደረገው፤ የፋብሪካው ዋስትናም እዚያው ጓዳ ቀረ። እንዲህ ያለው ብረት የእውነተኛ ጥይት ግፊት ሲያርፍበት ይሰነጠቃል። የተኳሹ ጣት አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ከውጭ ሲያዩት ግን ያምራል። ይብለጨለጫል፣ ማህተም አለው፣ ሣጥን አለው። አንድ አይሱዙ የሚያሽከረክር ወንድማችን ከነሣጥኑ ነው የገዛው። የሽጉጧን ስም አልጠራም፤ እውነተኛ ትሁን የተቀየረች እሱም አያውቅ፣ እኔም አላወቅኩ። የገዛት ለጎጃም መንገድ ብሎ ነው። አንድ ቀን ጭነት አራግፎ ሲመለስ ሰው የሌለበት ቦታ ላይ ወርዶ ሞከራት። የመጀመሪያው ጥይት ወጣ። ሁለተኛው ነከሰ፤ ቀለሁ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ ሆኖ ቀረ። በመፍቻ ፈልቅቆ አወጣው። እንደገና አቀባበላት፣ አንድ ተኮሰች፣ እንደገና ነከሰች።

«ታዲያ ከዚያ በኋላስ ይዘሃት ትሄዳለህ?» አልኩት።

«እሄዳለሁ።»

«ለምን?»

«ባዶ እጅ ከመሆን ብዬ ነዋ!»

ይህን መልስ ከሦስት ሰዎች ሰምቼዋለሁ፣ ቃል በቃል ሊባል በሚችል መልኩ። እንደማትሠራ እያወቁ ይይዟታል። ታቦት ሆነች ማለት ነው!

ትንንሽ ሽጉጥ ከትልቁ ይበልጥ የሚነክሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ሽጉጥ በተኮሰ ቁጥር ላይኛው ብረት ወደ ኋላ ይፈናጠራል፣ ባዶውን ቀለህ ይተፋል፣ ሲመለስ አዲስ ጥይት ይጎርሳል። ብረቱ ሲያጥርና ሲቀል የሚሄድበት ርቀት ያጥራል፣ ጊዜውም ያንሳል፤ ያንን ለመቋቋም ሞላው ይጠነክራል። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ሁሉም ነገር ልክ መሆን አለበት። የያዘው ሰው እጅ ከላላ፣ ጥይቱ ከደከመ፣ የካዝናው ከንፈር ከተጣመመ ነገሩ እዚያው ይቆማል። በዚህ ላይ ኪስ አለ። የኪስ ብናኝ፣ የሲጋራ ትራፊ፣ ሳንቲም፣ ላብ! ሱሪው ታጥቦ ሲሰጣ ሽጉጧ መቼ ነው የተጠረገችው? ብዙዎቹ ባለቤቶች ከገዙበት ቀን ጀምሮ ፈትተው አያውቁም። «ከፈታኋት በኋላ መግጠም ቢያቅተኝስ?» ያለኝ አለ።

መተኮሱ ይቅር፣ አለመተኮሱስ? የማካሮቭ መርፌ በሞላ የተያዘ አይደለም፣ ልቅ ነው። መቆለፊያው ካልተዘጋና ጥይት ጎርሶ ከሆነ፣ በአፈሙዙ ወድቆ ጠንካራ ነገር ቢመታ ሊባርቅ ይችላል። ይህ የፋብሪካ አሠራሩ ነው። በተቀየሩትና በተበየዱት ላይማ መቆለፊያው ራሱ መቆለፉን ማን አረጋገጠ? ሚኒባስ ላይ ወጥቶ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ኪስ ውስጥ ያለችውን ነው የምናወራው።

ስለ መሣሪያ ሲነሳ አሜሪካንን የሚጠቅሱ አሉ። «እዚያ ሁሉም ታጥቆ የለም ወይ?» ይላሉ። ይጠቀስ! ቨርጂኒያ የሚኖር ታክሲ የሚነዳ አብሮ አደጌ በሕጋዊ መንገድ ትንሽ የኪስ ሽጉጥ ገዝቷል። ደረሰኝ አለው። መተኮሻ ሜዳ ሄዶ ከመጀመሪያው ሃምሳ ጥይት ሦስቱ ነከሱበት። ምን አደረገ? ስልክ ደወለ። ኩባንያው የመላኪያ ወጪውን ችሎ አስመጣት፣ ጠግኖ መለሰለት። ከዚያ በኋላ ሁለት መቶ ጥይት ተኩሶ እስኪያያት ድረስ ኪሱ አላስገባትም። «ያልሞከርኩትን ብረት ይዤ ልሙት እንዴ?» ነው ያለኝ።

ትልልቆቹም ይሳሳታሉ። ሩገር የተባለው የታወቀ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ኤልሲፒ የምትባል 270 ግራም የማትሞላ የኪስ ሽጉጥ አወጣ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ጥይት ጎርሳ ብትወድቅ ልትተኩስ እንደምትችል ራሱ አስታውቆ የሸጣቸውን ጠራ፣ በነፃም አስተካከለ። ካሊፎርኒያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ፈተና ያላለፈ ሽጉጥ በሱቅ እንዳይሸጥ ከልክላለች። ፈተናው ምን መሰላችሁ? ከአንዱ ዓይነት ሦስት ሽጉጥ ይወሰዳል፤ እያንዳንዱ 600 ጥይት ይተኩሳል። የመጀመሪያው 20 ያለ አንድ እንከን መውጣት አለበት፣ በጠቅላላውም ከስድስት ጊዜ በላይ መንከስ አይፈቀድለትም። ከዚያ ከአንድ ሜትር ከፍታ ኮንክሪት ላይ በስድስት አቅጣጫ ይጣላል፤ ከባረቀ ወደቀ። የጋሼን ማካሮቭ ከነጥይቱ፣ የሾፌሩን ቱርክ ከነሣጥኗ እዚያ ብንወስዳቸው ስንተኛው ጥይት ላይ የሚባረሩ ይመስላችኋል?

አሜሪካ ገነት ናት ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው ሕግ የተቋቋመው የሸማች ዕቃዎች ደኅንነት ኮሚሽን የሕፃናትን አሻንጉሊት ሽጉጥ ይቆጣጠራል፣ እውነተኛውን ሽጉጥ ግን መንካት አይችልም። እዚያም በርካሽ ሽጉጥ የተጎዳ ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ1994 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በዚህ መንገድ ሽባ ሆኗል። ብራይኮ የተባለው ኩባንያ የሠራት ርካሽ ሽጉጥ ጥይቷን ለማውጣት መቆለፊያዋ የግድ መከፈት ነበረበት፤ ላስወጣው ብሎ የከፈተው ሰው እጅ ላይ ባረቀችና ልጁን መታችው። ልጁ ግን ከሰሰ። እ.ኤ.አ. በ2003 ዳኞቹ የሽጉጧን ሠሪና ተባባሪዎቹን ለ24 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተጠያቂ አደረጓቸው፣ ኩባንያውም ከሰረ። ካሣው ልጁን አያስነሳውም። ነገር ግን የሚከሰስ ሰው ነበር፣ የሚሰማ ፍርድ ቤት ነበር። የኛ ሰው ጣቱ ቢቆረጥ፣ ልጁ ቢሞትበት ማንን ይክሰስ? በጨለማ ቶዮታ ውስጥ የተቀመጠውን ሰውዬ?

አሁን ወደ ክቡራን ባለሥልጣናት እንመለስ።

በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጣ። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው አለ። ጥሩ! ሕጉን አልቃወምም፤ ማንም ጤነኛ ሰው አይቃወምም። ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ ነዋሪው በእጁ ያለውን መሣሪያ በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብና ሰፈሩን ለመጠበቅ እንዲዘጋጅ ጥሪ አቀረበ። ልብ በሉ! ጦርነቱ ወደ መሐል አገር ሲቀርብ «ያለህን ይዘህ ና» ተባለ። ማንም «ያለህ ነገር ይሠራል ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። «ጥይቱ ስንት ዓመቱ ነው? ተቀያሪ ነው ወይስ እውነተኛ?» ያለ አልነበረም። በዚያች ሰሞን መሣሪያ የሌለው ሰው ምን ተሰማው? ጎረቤቱ ሲመዘገብ እያየ ምን አሰበ? ያን ጊዜ የተዘራው ነው ዛሬ በየኪሱ የበቀለው።

ከዚያስ? ከዚያማ እገታ መጣ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ይጓዙ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ላይ ታግተው ቤተሰቦቻቸው ገንዘብ ተጠየቁ። የአገሪቱ ዋና መንገድ ላይ ነው፣ በጠራራ ፀሐይ በሚታወቅ መስመር! እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ማግሥት የሽጉጥ ዋጋ እንደሚጨምር ነጋዴው ነግሮኛል። የሽጉጥ ደላላው ማስታወቂያ አያስፈልገውም፤ ማስታወቂያውን የሚሠራለት መንገዱን መጠበቅ ያቃተው አካል ነው። እንግዲህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና፣ እገታው ካለፈ በኋላ ኬላ ይበዛል፣ ፍተሻ ይበዛል። የሚፈተሸው ማን ነው? አጋቹ በጫካ ነው የሚሄደው። የሚፈተሸው አይሱዙ የሚነዳው፣ ያቺን የምትነክስ ሽጉጥ መቀመጫ ሥር የደበቀው ምስኪን ነው። እሱ ይያዛል፣ ሽጉጡ ይወረሳል፣ በዜና ይነገራል፣ ባለሥልጣኑም «ኅብረተሰቡ ላደረገው ትብብር» ያመሰግናል።

«ሽጉጡ ባይሠራም ያስፈራራል» የሚሉ አሉ። ይህን ክርክር ከልቤ መርምሬዋለሁ። እጁ ላይ ክላሽ የያዘን አጋች በኪስ ሽጉጥ ማስፈራራት በሽሮ ማንኪያ ዳምጠው ማቆም ነው። አጋቾቹ በቡድን ናቸው፣ ከሩቅ ነው የሚተኩሱት። ማካሮቭ በሠለጠነ እጅ እንኳ የቅርብ መሣሪያ ነው፤ የመጀመሪያው ምላጭ ከባድና ረዥም ነው፣ ማነጣጠሪያው ጥቃቅን ነው፣ ተኩሶ የማያውቅ ሰው በደነገጠ እጁ አምስት እርምጃ ላይ ያለውንም ይስታል። ወንበዴው ሽጉጥ እንዳለህ ካወቀ ደግሞ መጀመሪያ የሚተኩሰው አንተ ላይ ነው። ገንዘብህን ብቻ ሊወስድ የመጣው ሰው ሽጉጥህንም ይፈልጋታል፤ ከስልክህ ይልቅ ውድ ናትና።

ገንዘቡንስ ያወጣል? ዋጋውን በብር አልጽፍም፤ ዛሬ ብጽፈው ነገ ይለወጣል። የመርካቶው ነጋዴ ግን በራሱ ሚዛን ነገረኝ፤ በሰጠው ብር የወተት ላም ከነጥጃዋ ይገዛ ነበር። ላሚቷ ትታለባለች። ሽጉጧ ግን እሱን ነው የምታልበው። ጥይት በፍሬ ገዛላት። ለደላላ ከፈለላት። ልጆቹ እንዳያገኟት ብሎ መጀመሪያ ቁም ሣጥን ቆለፈባት፣ ቀጥሎ ፍራሽ ሥር አደረጋት፣ በመጨረሻ ኮርኒስ ላይ ሰቀላት።

«ሌባ ሲመጣ ታዲያ መሰላል ታመጣለህ?» አልኩት።

ሚስቱ ከጓዳ ሆና ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ሽጉጧ ከመጣች ወዲህ በሌሊት ሁለት ጊዜ እየተነሳ ኮርኒሱን እንደሚያይ የነገረችኝ እሷ ናት። እንቅልፉን ይተኛል የተባለው ሰው ማለት ይሄ ነው።

የዚሁ ሰው ጎረቤቶች፣ አሥራ አራት አባወራ፣ በዚያው ሰሞን ገንዘብ አዋጥተው ቅያሱ ላይ ሁለት መብራት አስገቡ፣ የመግቢያውን በር በላሜራ አሠሩ፣ ሁለት ዘበኛ ቀጠሩ። ለእያንዳንዱ ቤት የደረሰው መዋጮ የጥይቱን ወጪ እንኳ አይሞላም። ሥራው የወረዳው መሆን ነበረበት፤ መብራቱን ለማስገባት ሳይቀር ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ እነሱ ያውቃሉ። ግብር ከፍለው፣ እንደገና ለመብራት ከፍለው፣ እንደገና ለዘበኛ ከፍለው! ቢሆንም መብራቱ በርቷል፣ አይነክስም፣ አይከሽፍም።

ጸጥታ ቢሮው መልስ ሊሰጥበት የሚገባ ጉዳይ አለ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሕዝቡ ተሰልፎ ያስመዘገበው መሣሪያ መዝገቡ የት ነው? ከተመዘገበው ውስጥ ስንቱ ፈቃድ አገኘ፣ ስንቱ ተወረሰ? የተወረሰውስ ተቀጠቀጠ ወይስ ሌላ ኪስ ገባ? የቦቴው ሽጉጥ ባለቤት ማን ነበር? ሾፌሩን አይደለም የምጠይቀው፤ ቦቴውን ያስጫነውን፣ ኬላውን ያስከፈተውን ነው። እነዚህን ሳይመልስ «ሕገ ወጥ መሣሪያ እየተቆጣጠርን ነው» የሚለን አካል ንግግሩ ከጋሼ ጥይት አይሻልም፤ ከስምንቱ አራቱ ብቻ ናቸው የሚጮኹት።

ይህን ጽሑፍ ልጨርስ ስል የአይሱዙውን ሾፌር ደወልኩለት። ሽጉጧን ሸጧታል። የገዛበትን አላገኘም፤ ቢሆንም ብዙም አልከሰረ፣ እገታ በተሰማ ሳምንት ነው የሸጣት። ገዢው ሌላ ሾፌር ነው፣ በዚያው መስመር የሚሠራ።

«እንደምትነክስ ነገርከው?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ።

«እኔን ማን ነገረኝ?»